በር ላይ ያለ ጓጉንቸር አይነካም

ኧረ ስሙማ! አንድ ግቢ ውስጥ ሽቦ የሚሏት ልጅ ነበረች። ስሙን ያወጣችላት አከራይዋ ናት። ልጅቷ ቀጭን ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ ከእጇ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው! እና ይቺ ሽቦ ከምንም በላይ የምትወደው ነገር ምን መሰላችሁ? ጓጉንቸር! አዎ፣ ያ በር ላይ የሚንጠለጠለው ጓጉንቸር! እኩዮቿ ስልክ ላይ አፍጥጠው ሲውሉ እሷ ከአሮጌ ብረት ሻጩ ለምና እያመጣች ሳጥን ውስጥ ካጠራቀመችው አንዱን የዛገ ጓጉንቸር ብረት ጥርቅም አድርጎ በሚይዝ ሞርሳ ላይ ታስረዋለች። ከዚያ ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ ባወጣችው ቀጭን ብረት፣ ራሷ ሞርዳ ሞርዳ በሠራችው፣ ያለ ቁልፍ ትከፍተዋለች። ሞርሳው የታሰረው ደግሞ የት ነው? የእናቷ የስፌት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ! እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ቀሚስ ስትሰፋ ልጅቷ ጓጉንቸር ትጎረጉራለች።

ውስጡ እኮ ትንንሽ ዘንጎች ሞላ ላይ ቁጭ ብለው ተሰልፈዋል። አንዱን ቀስ አድርጋ ስታነሳው ሌላው ያኮርፋል። ያኮረፈውን ስታባብል ያ የመጀመሪያው ይወርድባታል። እንደ ዘመድ ጉባኤ በሉት! ሁሉም የተስማሙ ቀን ግን "ቀጭ!" ይላል፣ ሽቦም እልል ልትል ምንም አይቀራት።

ሕግ ነበራት ደግሞ። የራስሽ ያልሆነውን አትንኪ። የራስሽም ቢሆን በር ላይ ያለውን አትንኪ፤ ተጎርጉሮ ውስጡ ቢበላሽ ሰው ውጭ ያድራላ! በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ከዚህች ሕግ ንቅንቅ የለም።

አንድ ቀን ታዲያ አከራይዋ በመስኮት ስታልፍ አየቻት። ጉድ ፈላ!

"እጅ ከፍንጅ! እጅ ከፍንጅ ያዝኳት! ቤቴ ውስጥ ሌባ አሳድጌያለሁ!" እያለች ግቢውን ቀወጠችው።

"እትዬ፣ የራሴ ጓጉንቸር እኮ ነው!" አለች ሽቦ።

"ዛሬ የራስሽ፣ ነገ የእኔ!"

ያን ቀን ግቢው በሙሉ ተጠራርቶ ወደ ዕቃ መሸጫው ሱቅ ነጎደ። አከራይዋ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ነርሷ፣ ሁሉም ከአንድ ካርቶን አዲስ አዲስ ጓጉንቸር እያነሱ መጡ። ወርቅ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ! ሽቦ እናቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አየቻቸው። የእሷና የእናቷ በር ላይ ብቻ ያው አሮጌው ቀረ።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ ነርሷ እየጮኸች ወጣች። ከሥራ በፊት ገዝታ ቤቷ ያስቀመጠችው ሽንኩርትና ቲማቲም የለም! በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፀጉር ቆራጩ ከነከረጢቱ ይዞት ብቅ አለ። ከየት? ከራሱ ክፍል! የእሱም በር እንደተቆለፈ ነው!

"ሌባ አምጥቶ ነው እንዴ የሚሄደው?" አለ ፀጉር ቆራጩ ራሱን እያከከ። "በዚህ ዓይነትማ ነገ ሥጋ ቢያመጣልኝ አልጠላም።"

አከራይዋ ግን አልሳቀችም። "ገባኝ! ለመለማመድ ነው! ከአንዱ አውጥታ ሌላው ቤት ትከታለች፣ ችሎታዋን ልታሳየን!" አለች። ወደ እናትየው ዞረችና ጣቷን ቀሰረች። "እስከ እሑድ ያ የጓጉንቸር ሳጥን ቆሻሻ ውስጥ ካልተጣለ፣ እናንተ ከቤቴ ትወጣላችሁ!"

ማታ ክፍላቸው ውስጥ እናትየው መርፌዋ ላይ አቀርቅራ፣ "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ጣይውና እንኑር። ይሄን ሁሉ ደንበኛ ይዤ የት ልሂድ?" አለቻት።

"እማዬ፣ ከጣልኩት እኮ ሌባ ነበርኩ ማለቴ ነው!"

"እኔ አውቅሻለሁ፤ አይበቃሽም?"

"አይበቃኝም!"

እናትየው ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

እሑድ ሁሉም አከራይዋ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ሽቦ ሳጥኗን ታቅፋ መሐል ቆመች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

"ጣልሽው?" አለች አከራይዋ።

"አልጣልኩም። አልጥልምም።"

"አይን አውጣ! አያችሁልኝ?"

"ሽንኩርቴን ግን ለምን?" አለች ነርሷ፣ ልትቆጣም ልታለቅስም እየቃጣት። "ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም ነበር?"

"ሲስተር፣ ሙች አልነካሁም! በር ላይ ያለ ጓጉንቸር አልነካም!"

አከራይዋ ከጎኗ ያለውን የራሷን በር በመዳፏ መታችው። "እሺ፣ በይ ይሄን ክፈቺና እንይሽ!"

"አልከፍትም። በር ላይ ነው።"

"አቅቷት ነው እንጂ!"

ወይኔ! ይቺ ነገር እንዴት እንደምታቃጥል! ሽቦ ያን ርካሽ ጓጉንቸር ዓይኗን ጨፍና ልትከፍተው ትችላለች። ጣቶቿን ሁሉ በላት። ምላሷን ነከሰች፣ ሳጥኑን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ "አቅቷት ነው በሉኝ" አለች። "አልነካም አልኩ፣ አልነካም!"

ያኔ እናትየው ተነሳች። ዝም አይነቅዝም ያለችው እናት!

"እኔ አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ዝናብ የራሴን ቁልፍ ጥዬ መጣሁ። 'ልጄ፣ ክፈቺልኝ' አልኳት። ምን አለችኝ? 'እማዬ፣ በር ላይ ነው፣ ቢበላሽ ውጭ እናድራለን።' እኔን! እናቷን! እህቴ ትርፉን ቁልፍ ይዛ እስክትመጣ ደጃፌ ላይ እንደ ጨርቅ ራስኩ! ያን ቀን ልገላት ነበር። ለወለደቻት እናቷ ያልከፈተች፣ ለሽንኩርት ትከፍታለች?"

ፀጉር ቆራጩ ሳቁ አመለጠው። አከራይዋ ግን ቁልፏን አውጥታ ፊታቸው ላይ ነቀነቀችው። "እና ማን ከፈተው? የሁላችን ቁልፍ ያው እጃችን ላይ አለ!" ፀጉር ቆራጩም የራሱን አወጣ፣ ነርሷም አወጣች።

ሽቦ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰው ፊት እንደሚለይ እሷ የቁልፍ ጥርስ ትለያለቻ! ትልቅ ጥርስ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ። የሌላውንም አየች። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ!

ወደ ፀጉር ቆራጩ ዞረች። "ጋሼ፣ ቁልፍዎን ለሲስተር ይስጧት። ሲስተር፣ በጋሼ ቁልፍ የራስሽን በር ክፈቺ።" ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። "እኔ ምንም አልነካሁም፣ እዩኝ!"

ነርሷ ሄዳ ቁልፉን ከተተችና አዞረችው። ተከፈተ!

"እትዬ፣ የእርስዎንም ጋሼ እንዲሞክሩት ይፈቅዳሉ?"

"የእኔማ አይከፈትም! ይሞከር!"

ፀጉር ቆራጩ ቁልፉን ተቀብሎ ሞከረው። እንደ ቅቤ ተከፈተ!

"ካንድ ካርቶን ነው የገዛችሁት" አለች ሽቦ። "ርካሽ ሲሆን ሁሉንም ባንድ ቁልፍ ይሠሩታል። እኔን ፈርታችሁ እርስ በርሳችሁ በራችሁን ተከፋፍታችኋል!"

ነርሷ በድንገት አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ! ውይ ጉዴ! ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኩን ትከሻዬ ላይ ወትፌ እያወራሁ፣ የአዳር ሥራዬ ረፍዶብኝ... በሩን ከፍቼ ከረጢቱን ደፍ ላይ ወርወር አድርጌ ቆለፍኩና ሮጥኩ። የጋሼ በር ነበር ማለት ነው!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ ፀጉር ቆራጩ። "ሲስተር፣ ቲማቲሙ ጥሩ ነበር።"

"በላኸው እንዴ?"

"ሁለቱን ብቻ!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አከራይዋ ብቻ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ይቅርታ ትላለች ብላችሁ ነው? ኧረ ወዲያ! ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ "ይሁን፣ ተቀመጡ። ግን ያን ነገርሽን በር ዘግተሽ ሥሪው። ሰው አይይሽ። ያሳፍራል" አለች።

እናትየው "እሺ፣ እግዜር ይስጥልን" ልትል አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

"አይሆንም፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

"በር ዘግቼ አልሠራም! በር ዘግቶ ጓጉንቸር የሚጎረጉር ሌባ ነው። እኔ ሌባ አይደለሁም። እዚህ መሐል ግቢ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁላችሁ እያያችሁኝ ነው የምሠራው! የማን ጓጉንቸር እንደያዝኩ የፈለገ መጥቶ ይይ!"

ብላ ዘወር አለችና ወደ ክፍሏ ገብታ ያን ከባድ የስፌት ጠረጴዛ መጎተት ጀመረች። እግሩ ወለሉን ሲፍቅ "ጥጥጥጥ" ይላል። ደፉ ላይ ተያዘባት። ብታነሳው አልነሳ አለ፣ ብትገፋው አልገፋ አለ፣ አከራይዋም እጇን አጣምራ ታያታለች። ያኔ ጠረጴዛው በድንገት ቀለል አለ። እናትየው ናት! በወዲያኛው ጫፍ አንስታ ይዛዋለች።

"ቀስ በይ፣ የስፌት መኪናዬ ይወድቃል" አለች። "እኔም ብሆን ውጭ ብርሃኑ ይሻለኛል።"

መሐል ግቢ አስቀመጡት። ሽቦ የዛገውን ጓጉንቸር ሞርሳው ላይ አሰረች፣ ብረቷን አወጣች፣ ጆሮዋን ጠጋ አደረገች። ላቧ ቅንድቧ ላይ ይወርዳል። አንዱ ተነሳ። ሌላው አኮረፈ። አባበለችው።

"ቀጭ!"

"ተከፈተ!" ብላ ጮኸች፣ ግቢው በሙሉ እስኪሰማ።

አከራይዋ ቤቷ ገባችና መስኮቷን "ጓ!" አድርጋ ዘጋችው። ሽቦ ሳቀችና ከሳጥኗ ከበፊቱ የባሰ የዛገ ጓጉንቸር መርጣ አወጣች።