ከሐራጅ የገዛሁት ቤት

ሥራዬ ባንክ በዕዳ የወረሳቸውን ቤቶች በሐራጅ ገዝቼ፣ አድሼ፣ መልሼ መሸጥ ነው። ባልንጀሮቼ «ጥንብ አንሳ» ይሉኛል። ለቀልድ ነው ይላሉ፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬያቸው እስቃለሁ። አንድ ደንብ ግን አለኝ፦ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር አልጠይቅም።

አሥራ አንደኛውን ቤት ስገዛ ግንበኛው በራሱ እግር መጣ። እጁ የሻከረ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ከሌሎቹ ባነሰ ክፍያ እሠራለሁ ሲለኝ ምን አከራከረኝ! የውሃው መዝጊያ የት እንደተቀበረ ጠፍቶን ግማሽ ቀን ስንቆፍር፣ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደና ከጓሮው ጥግ አወጣው። «ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ተደሰትኩ። ሰው ሲመቸው የማያየው ነገር ብዙ ነው።

ያቃቃረን አንድ ግድግዳ ነው። ከውስጠኛው መኝታ ቤት እስከ መታጠቢያው ይዘልቃል፤ በወገብ ከፍታ ላይ የእንጨት መያዣ ተመትቶበታል። ገዢ ደግሞ ሰፊ ሳሎን ይወዳል። አፍርሰው አልኩት።

«እሱ እንኳ ቢቀር?»

«ምን ሊያደርግልን?»

«ጠንካራ ነው» አለ።

የቀን ሠራተኞች ላምጣልህ ስለው እምቢ አለኝ። ጡቡን አንድ በአንድ እያነሳ ብቻውን አፈረሰው። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ቀርፋፋ ብዬ ጮህኩበት።

ገዢዎቹ ቁልፍ ሊረከቡ በሚመጡበት ጠዋት፣ ግንበኛው ዕቃውን ሲሰበስብ አንዲት አሮጊት በምራታቸው ክንድ ተይዘው መጡ። ዓይናቸው አያይም። ሦስቱን ደረጃዎች ግን ማንም ሳይነግራቸው ወጡ።

«እምቢ አሉኝ» አለችው ምራትየዋ ለግንበኛው ባሏ፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ካልወሰድሽኝ በእግሬ እሄዳለሁ አሉ።»

«ምን ታደርግ!» አሉ አሮጊቷ እየሳቁ። «ቤታችንን እያደስኩ ነው፣ ሲያልቅ እንመለሳለን ይለኛል ልጄ። ተሸጦ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት ተቃጠልኩ። ማታ ማታ ግን እጁን እዳብሰዋለሁ፤ ኖራ ነው፣ ሲሚንቶ ነው። ውሸታም እንዲህ አይደክምም።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ባንኩ የወረሰው የእሱን ቤት ነበር። ለእናቱ የዋሸውን ውሸት እውነት ለማስመሰል፣ የገዛ ቤቱን ለእኔ መሸጫ ሲያሳምርልኝ ከርሟል።

አሮጊቷ ወደ ውስጥ ዘልቀው እጃቸውን ወደ ግራ ዘረጉ። የሚዳስሱት አልነበረም። ሲንገዳገዱ እኔ ያዝኳቸው።

«ግድግዳዬስ? ዓይኔ ሲጠፋ ይዤው እንድሄድ የሠራህልኝ?»

«ቤቱ... እንዲሰፋ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ይስፋ እንግዲህ። እለምደዋለሁ።» ከዚያ ክንዴን ዳበሱ። «ይሄኛው ማነው?»

«አብሮኝ የሚሠራ ነው።»

«ልጄን ስላገዝክልኝ ተባረክ፤ ቤት አይንሳህ።»

ብዙ ሰው ረግሞኛል። እንደዚያ ምርቃት ግን አንጀቴን የቆረጠው እርግማን የለም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ውሉ ተፈርሟል፤ የገዢዎቹ መኪና ከደጅ ሲቆም ተሰማ።

«ታዲያ መቼ ነው የምንገባው?» አሉ።

ግንበኛው ወደ እኔ ዞረ። በዓይኑ ለመነኝ።

«ቀለሙ ይድረቅ፣ እማማ» አልኩ።

ቀለሙ ከደረቀ ሳምንት አልፎት ነበር። አሮጊቷ መዳፋቸውን በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አዎ፣ ገና እርጥብ ነው» አሉና የምራታቸውን እጅ ፈለጉ። «በይ እንሂድ፣ ልጄ።»