ከዳሌ የተወሰደ አጥንት

ጣሀ አራት የላይኛው የፊት ጥርሶቹን ያጣው ከኩርሙክ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሆነ ገና ብዙ አልቆየም፤ መንገዱ ግን ያው ጎርፍ የቆራረጠው የዱሮው መንገድ ነበር። የሞተ ሰው አልነበረም። ጠያቂዎቹ «አልሐምዱሊላህ በል፣ ነፍስህ ተርፋለች» ሲሉት አፉን በጨርቅ ይዞ ራሱን ይነቀንቅላቸው ነበር።

ሆኖም ጣሀ ዋዛ ነፊ ነው። ዋዛ በርታዎች ከረዣዥም ቅል የሚሠሩት መለከት ነው። አንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ፣ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። የጣሀ ድርሻ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ ነበር። ያስተማረው የነፊዎቹ አለቃ፣ አጎቱ ሐመድ ነው። ክልሉ የባህል ቡድን ሲያቋቁም ቀድመው የተጠሩት እነሱ ነበሩ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ዋዛውን አንስቶ ሞከረ። ከንፈሩ መደገፊያ አጥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ትንፋሹም ፊስ ብሎ በጎን ወጣ። አሶሳ ላይ የሚወልቅ ጥርስ አሠራ። እሱም ገና ነፋ ሲያደርግ ከድዱ ተላቆ ምላሱ ላይ ወደቀ። ነፊዎቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

በመጨረሻ የክልሉ ባህል ቢሮ አዲስ አበባ ወዳለ የጥርስ ሐኪም ላከው። ዶክተር ለሜሳ የወለጋ ሰው ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አየው።

«ጥርስ መትከል ይቻላል» አለው። «ብሎን የመሰለ ብረት አጥንትህ ውስጥ ይገባል፤ ጥርሱ እሱ ላይ ይታሰራል። አይወልቅም። ችግሩ፣ አጥንቱ የለም። ገሚሱ በአደጋው ተሰባብሯል፣ የተረፈውም ሟሽሿል። ብረቱን አይችለውም።»

«አለቀ ማለት ነው?»

«አላለቀም። ከዳሌህ ቁራጭ አጥንት ወስጄ እዚያ ላይ አስረዋለሁ። ከመንጋጋህ ጋር ከተዋሐደ፣ ከስድስት ወር በኋላ ጥርሱን እንተክላለን። እስከዚያ ግን በፊት በኩል አትነክስም፣ አታጨስም። መንፋትማ ጭራሽ! ግፊቱ አጥንቱን ያነቃንቀዋል።»

ጣሀ አማርኛውን እየፈለገ፣ «ሚስቴ ውጭ ተቀምጧል፤ ልጠይቀው» አለ።

ሚስቱ ዓዲላ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከዳሌ ወደ አፍ? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለችው በበርትኛ። ከዚያም፣ «እንደገና ትነፋለህ ብሎሃል?» ስትል ጠየቀችው።

«አዎ» አላት። ሐኪሙ ግን እንዲያ አላለም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ወደ አሶሳ ሲመለሱ በመንገዱ መንገጫገጭ ከአፉ ይልቅ የጠዘጠዘው ዳሌው ነበር። ቤት ከገባም በኋላ ከታዘዘው አንድም አላጓደለም። ከቀጭን የማሽላ ገንፎ ሌላ አልቀመሰም፤ ከልጅነቱ የለመደውን ትምባሆ ተወ። ወዳጆቹ ለልምምድ ሲሰበሰቡ ፈተናውን ፈርቶ ወደ ማሳው ይሄዳል። ምላሱን ወደ ላይ ሲሰድ ከድዱ ሥር አንድ ጠንካራ ጉብታ ይነካዋል። ያኔ ደስ ይለዋል።

ክረምቱ ሲበረታ አጎቱ ሐመድ ታመመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሀ ሊጠይቀው ሲገባ፣ ሽማግሌው ከአልጋው ሳይነሳ፣ «ዋዛህን አምጣ» አለው።

«ዐወድ ይንፋልህ፣ አጎቴ።» ዐወድ የሐመድ ልጅ ነው፤ እሱም ነፊ ነው።

«ዐወድን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ያንተን ነው ያልኩት።»

«ጥርስ የለኝም እኮ። ድምፁ አይወጣም።»

«የወጣው ይውጣ። አንዴ ብቻ።»

የጣሀ ምላስ ሳያውቀው ወደ ጉብታው ሄደ። «ሐኪሙ ከልክሎኛል። ጥርሱ ይተከልልኝና እስክትጠግብ እነፋልሃለሁ። ትንሽ ታገሠኝ።»

«እሺ፣ ታገሥኩ» ብሎ ሐመድ ፊቱን ወደ ቀርከሃው ግድግዳ አዞረ።

ዝናቡ ሳያባራ ሞተ። ጣሀ ቃሬዛውን ሊሸከም ትከሻውን ሲያስገባ ዳሌው ከዳው፤ ሌላ ሰው ተቀበለው። ወደ መቃብር የሄደው ከኋላ እያነከሰ ነው።

ቀኑ ደርሶ አዲስ አበባ ሲመለስ ዶክተር ለሜሳ አደንዝዞ ድዱን ከፈተ። ጓንት ያጠለቀው እጁ ቆመ። ያ ጉብታ ደህና አጥንት አልነበረም፤ ከላዩ ጠባሳ ሥጋ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ሊዋሐድ ያልቻለ፣ የሚነቃነቅ የአጥንት ስባሪ። ስባሪውን አውጥቶ ድዱን ሰፋው።

«አልያዘም» አለ፣ ጣሀ ከወንበሩ ቀና ሲል። «ሰውነትህ በልቶታል። አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል።»

«እኔ ምን ጠፋ አደረግኩ?»

«ምንም አላጠፋህም።»

«አልነፋሁም። አጎቴ ለመነኝ፤ እየሞተ። አልነፋሁም።» ጣሀ የደነዘዘ ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ። «ነፍቼ ቢሆንስ፣ ዶክተር?»

ለሜሳ ጓንቱን አወለቀ። ሊዋሽ እንደፈለገ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ምናልባት ያው ነበር።»

ጣሀ ጥፋት ቢኖርበት ይሻለው ነበር። አንዲት ሲጋራ አጭሶ፣ ወይም አንድ ቀን ሥጋ ነክሶ ቢሆን፣ የሚወቅሰው ያገኝ ነበር።

«ሌላኛው ዳሌህ አለ» አለው ሐኪሙ ለስለስ ብሎ። «ካረፍክ በኋላ እንደገና መሞከር እንችላለን።»

«ይቅር» አለ ጣሀ። አብራው የገባችው ዓዲላ ልታግባባው አልሞከረችም፤ ክንዱን ይዛ አስነሳችው።

አሶሳ በገባ ማግስት ወደ አጎቱ ቤት ሄደ። የሐመድ መበለት ኡምኩልሱም በረንዳው ላይ ባሚያ ትከትፍ ነበር። አጥንቱ እንዳልያዘ ነገራት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እስከ መጨረሻው ስለ አንተ ነበር የሚያወራው» አለች። «‹ሲነፋ እሰማዋለሁ፣ ቃል ገብቶልኛል› ይል ነበር።»

«አጥንቱ ይበላሻል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያው መበላሸቱ ላይቀር...» ኡምኩልሱም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ባሚያዋን መክተፍ ቀጠለች።

በአዝመራው ትልቁን ዋዛ ዐወድ ያዘ። ገና ስላልለመደው እየዘገየ ይገባል፤ ሌሎቹም ይጠብቁታል። «ና፣ ቆመህ እንኳ አርመኝ» እያለ ጣሀን ደጋግሞ ለመነው። ጣሀ እሺ ይላል፤ አይሄድም። ማሽላው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ዓዲላም ከጎኑ ታጭዳለች፤ የዋዛው ድምፅ ከመንደሩ ሲመጣ ወሬ ትጀምርለታለች፣ ጮክ ብላ፣ ስለ ዝንጀሮዎቹ፣ ስለ ጎተራው፣ አፏ ላይ ስለመጣው ሁሉ።