ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉ

ሮይ ካንትረል ሰኞ ጠዋት በሬዲዮ ሲናገር የማንንም ስም አልጠራም፤ ነገሩ ለማን እንደ ተወረወረ ያልገባው ሰው ግን በሃርላን ክሪክ ከተማ አልነበረም።

«ሰሞኑን በራቸውን እየዘጉ በቀረጡ የሚያመካኙ ባለፋብሪካዎች በዝተዋል» አለ፤ ወፍራምና ለስላሳ ድምፁ ከየመኪናው፣ ከየወጥ ቤቱና ከየጋራዡ እኩል እየወጣ። «ፕሬዚዳንቱ ለአሜሪካ ሠራተኛ ብለው በውጭ ብረት ላይ ቀረጥ ጣሉ። ደግ አደረጉ። ስንዘረፍ የኖርነው ይበቃናል። እንግዲህ ጎበዙ ነጋዴ ይከብራል፤ ሰነፉ ይዘጋል። አንተ የዘጋኸው ሰው፣ ቀረጡን ተወውና መስታወት ተመልከት።»

ከዚያ በዚያው ትንፋሽ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ ማስታወቂያውን አነበበ፦ «በሩ የሃስከር ከሆነ ላም አታመልጥም።»

ሎዌል ሃስከር ይህን ሁሉ የሰማው ባለፈው ዓርብ በቆለፈው ፋብሪካ ደጃፍ፣ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ፋብሪካው አባቱ ያቋቋመው፣ ለከብት በረት የብረት በርና የመኖ ገንዳ የሚሠራ ነበር። ሎዌል ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጨብጦ አሰናብቷል። ማስታወቂያው የወሩ ሒሳብ አስቀድሞ ስለ ተከፈለበት ይነበባል፤ ቃሉን ያወጣው ራሱ ሮይ ነበር፤ ለዓመታትም ያነበበው እርሱ ነው። አሁን ያ ድምፅ የተዘጋውን ፋብሪካ በር እያወደሰ ባለቤቱን ሰነፍ ይል ነበር።

ሎዌል ሰነፍ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ ድምፁን ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን በቀር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ቀረጡንም ገና ከምርጫው በፊት ደግፎታል። የውጭው ብረት ሲወደድ የአገር ውስጡም አብሮ ወጣ። ሎዌል ግን ለገበሬዎቹ ማኅበር በሩን በቀድሞው ዋጋ ሊያስረክብ ቃል ገብቶ ነበርና ቃሉን አላጠፈም። ቃልን መጠበቅ ያከስራል ብሎ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ሮይ ራሱ በየጠዋቱ የሚሰብከው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሎዌል እንደ ልማዱ ማርጅ ቁርስ ቤት ገባ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን የሚገባቸው የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ቴሪ ቮልክ የሚባለው በያጅ፣ ለሃያ ዓመት «ሚስተር ሃስከር» እያለ ያከበረው ሰው፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀና አለ።

«እሺ፣ መስታወቱን አየኸው?»

ሎዌል «አንተ» መባሉን ሰማ፤ እንዳልሰማም ሆነ። «ጢሜን ስላጭ በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

«አረጀህ አለኝ።»

አንዱ ሳቀ። ቴሪ አልሳቀም። «ልጅህ ፍሎሪዳ ላይ ጀልባ ገዛ ይላሉ።»

«ጀልባው የአማቱ ነው። ልጄ ባሕር ያስመልሰዋል።»

«ሜክሲኮ ሄዶ ሊከፍት ነው የሚሉም አሉ።»

«ሜክሲኮ? እኔ እዚሁ ኢንዲያናፖሊስ አድሬ ስመጣ እንኳ ሳምንት ሆዴን ያመኛል።»

አሁን ብዙዎቹ ሳቁ። ሎዌልም የልቡን ለመናገር ጊዜው የደረሰ መሰለው። «ብረቱ ነው፣ ቴሪ። የገደለን የብረቱ ዋጋ ነው።»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ቴሪ ኩባያውን አስቀመጠ። «ሮይማ እንዲህ እንደምትል አስቀድሞ ነግሮናል።»

ሎዌል እንቁላሉን ሳይጨርስ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ ዶሪን ነገሩን ከፊቱ አነበበችው። «ወደ ሮይ ሂድና ለብቻው አነጋግረው» አለችው። «ስንት ጊዜ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በልቷል። ሰው አይደለም እንዴ?»

«በሰው ፊት የተባለ ነገር በጓዳ አይመለስም። የተናገረው በሬዲዮ ነው፤ የምመልስለትም በሬዲዮ ነው።»

«ብር ልትጠይቀው ነው? ፋብሪካውን ይመልስልሃል?»

«ፋብሪካው ሄዷል። እነዚያ ልጆች ግን የበላኋቸው እየመሰላቸው ሊኖሩ አይገባም። ስሜን ነው የምፈልገው፣ ዶሪን። ሌላ ምንም።»

በማግሥቱ ረቡዕ ማታ ሁሉም ከቤቱ ሠርቶ የሚያመጣበት የቤተ ክርስቲያኑ የጋራ ራት አለ፤ ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ። ሎዌል ከዚያ በፊት እውነቱ እንዲነገር ፈለገ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ፋብሪካው ቢሮ ሄደ፤ የእጅ ስልኩ ድምፅ ይቆራረጣል፣ የቢሮው ግን አያሳፍርም። መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ሬዲዮ ከፍቶ የሮይን ድምፅ እየሰማ ደወለ። ያነሣችው ጆሊን ነበረች፤ ደዋዮችን እየለየች ለሮይ የምታቀርብ፣ ለሁሉም ትሑት የሆነች ሴት።

«ሚስተር ሃስከር፣ ምን ሊሉ ነው?»

«ሰኞ ስለ ተባለው መልስ አለኝ። አጭር ነው፤ ስድብም የለበትም።»

«አቀርብዎታለሁ። ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉ እባክዎ፤ ካልሆነ ድምፁ እየተመላለሰ ያደናግርዎታል። እንዲያውም ቢያጠፉት ይሻላል።»

ሎዌል የታዘዘውን በትክክል የሚፈጽም ሰው ነበር። ሬዲዮውን አጠፋው።

የሚናገረው ቃል ወደ ሰዉ ጆሮ የሚደርሰው ወዲያው እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ የገና ሰሞን ሮይ ራሱ ስቱዲዮውን አስጎብኝቶታል፤ ከማይክሮፎኑ ጎን ያለችውን ቀይ ቁልፍ በኩራት አሳይቶታል። «የምናወራው ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው የሚወጣው» ብሎት ነበር። «አንድ ባለጌ ደውሎ ቢሳደብ ይህችን መጫን ነው፤ ያለው ሳይወጣ ይቆረጣል። የሕፃናት ጆሮ አይረክስም።» ሎዌል ያን ጊዜ መልካም ነገር ነው ብሎ አመስግኖት ነበር።

«ሎዌል ከሃርላን ክሪክ፣ አየር ላይ ነህ» አለ ሮይ።

«ደህና አደርክ ሮይ። የብዙ ዘመን አድማጭ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ደዋይ ነኝ።»

ሮይ ሳቀ። «አድማጭ ብቻ? የዶሪንን ዶሮ በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ።»

«ሰኞ የተናገርከው ስለ እኔ ነው።»

«የማንንም ስም አልጠራሁም፣ ወንድሜ።»

«አልጠራህም። የቀረውን ከተማው ጠራልህ። አስቀድሜ ይህን ልበል፤ ቀረጡን አልረግምም። ድምፄን የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው፤ ማንም አልጠመዘዘኝም። ጥፋቴን በሌላ የማላክክ ሰው አይደለሁም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ነገር ግን ነገሩ በስሙ ይጠራ። ፋብሪካዬን የዘጋው ያው ቀረጥ ነው። የአገራችን ብረት ሳይቀር ተወደደ፤ እኔ ለገበሬዎቹ በድሮው ዋጋ ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ቃሌን ጠበቅሁ፣ ከሰርሁ። የልጄ ጀልባ አይደለም፤ ሜክሲኮ አይደለም። ይህን ነው የምለው።»

በዚያ ሳምንት የሮይን ፕሮግራም በብዙ ግዛቶች ሊያሠራጭ ያሰበ አንድ ኩባንያ ሰዎች ልኮ ያስደምጥ ነበር። ሮይ ይህን አልዘነጋም። ይሁንና ጣቱን ያነሣሣው ይህ ብቻ ነበር ማለት እርሱን ማቃለል ይሆናል። በሚናገረው ያምን ነበር፤ አገሪቱ ለዘመናት ተበድላለች፣ አሁን ፍርዷን ልታገኝ ነው፣ አንድ የበር ፋብሪካ ይህን ትልቅ ነገር ሊያጨልመው አይገባም ብሎ ያምን ነበር። ሎዌል ውሸታም ቢሆን ኖሮ ሮይ ይከራከረው ነበር፤ ተከራክሮም ይረታው ነበር። እውነተኛ ስለ ነበረ ቁልፏን ተጫነ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ ሎዌል» አለው። «ሰምተንሃል።»

ስልኩ ተዘጋ። ሎዌል ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ተቀመጠ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው የቀለለው መሰለው። ሬዲዮውን መልሶ መክፈት ትዝ አላለውም። የሚናገረውን ጨርሷል፤ ሰዉ ሰምቶታል፤ የቀረው ወሬ ነው።

ከተማው የሰማው ግን ሌላ ነበር። «ጥፋቴን በሌላ የማላክክ ሰው አይደለሁም» ከሚለው ቀጥሎ የሮይ ምርቃት ገባ፤ ከምርቃቱ በኋላም ስልኩ የተዘጋበት ሰው ያልሰማው አንድ ነገር ተጨመረ፦ «ወገኖቼ፣ ወንድ ማለት ይህ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ያየውን ያመነ ሰው።»

ማታ ሎዌልና ዶሪን ወደ ራቱ ሄዱ። ዶሪን እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ሳህኗ እንዳይቀያየርባት በሥሩ ስሟ የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፋ፣ በዶሮ የተሠራ ፓስታ ይዛ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው። አንዱ ትከሻውን መታ አደረገው፤ አንዲት አሮጊት እጁን ይዛ «ጎበዝ፣ ልጄ» አለችው። ሎዌል ዓይኑ ውኃ ቋጠረ። ከተማዬን መጠርጠር አልነበረብኝም፣ ክፉ አይደለችም ብሎ አሰበ።

ቴሪ ቮልክ ከነባርኔጣው ከሚበላበት ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መጣና እጁን ዘረጋ።

«ሚስተር ሃስከር፣ ዛሬ በሬዲዮ ያሉትን ሰማሁ። ትናንት በሰው ፊት ስላዋረድኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ።»

ሎዌል እጁን ሊጨብጠው ዘርግቶ መሐል ላይ ቆመ። «እኔን ይቅር ያልከኝ ምኑን ነው፣ ቴሪ?»

«ያው... ጥፋቱ የራስዎ መሆኑን አምነው የለ? በሌላ አላላክክም አሉ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይበል?»

«ከዚያ ቀጥሎ ያልኩትስ? ስለ ብረቱ?»

ቴሪ አጠገቡ ያሉትን አየ። «ስለ ብረት ያሉት የለም።»

«ብያለሁ እንጂ።»

«ሎዌል» አለ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «ጆሮዬ ቢደክምም ይህን ያህል አልደከመም። አላልክም።»

ሎዌል ወደ ሚስቱ ዞረ። «ዶሪን፣ አንቺ ቤት ሆነሽ ትሰሚ ነበር። ንገሪያቸው።»

ዶሪን ሳህኗን እንደ ያዘች መሬት መሬት አየች። «አላልክም፣ ሎዌል» አለች ቀስ ብላ። «መሐል ላይ ድፍረት አጥሮህ መስሎኝ ነው። እንዳይከፋህ ብዬ ዝም አልኩ።»

በዚያን ጊዜ ቀይዋ ቁልፍ ታወሰችው። የሕፃናት ጆሮ እንዳይረክስ የተሠራችው ቁልፍ። ያመሰገናት ቁልፍ።

«ቆርጦታል» አለ። «ሮይ የምንናገረውን የሚቆርጥበት ቁልፍ አለው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

በአዳራሹ ውስጥ ያመነው ሰው አልነበረም። ቴሪ ተነፈሰ። ክፋት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ነበር። «መጀመሪያ ብረቱ፣ አሁን ደግሞ ሬዲዮው። ተዉት እንጂ ሚስተር ሃስከር። ይቅር ተባብለናል'ኮ።»

የቴሪ እጅ አሁንም እንደ ተዘረጋ ነበር። ያን እጅ መጨበጥ ብቻ ነበር የሚጠበቀው፤ ጨብጦ መቀመጥ፣ በልቶ መሄድ፣ በዚያች ከተማ ተከብሮ ማርጀት። ሎዌል እጁን አየው፤ ሃያ ዓመት ብረት የበየደ፣ ብልጭታ የነቀሰው፣ የሚያውቀው እጅ ነበር።

«ያላጠፋሁትን ይቅር አትበለኝ፣ ቴሪ» አለ። «ያንን ከተቀበልኩህ ሌባ ነኝ።»

ቴሪ እጁን ሰበሰበና ባርኔጣውን አጠለቀ። «እንዳሻህ» አለ።

ሎዌል ወጣ። ዶሪን ሳህኗን ባገኘችው ጠረጴዛ ላይ ጥላ ተከተለችው። ከኋላቸው «ትዕቢት ነው» ያለ ድምፅ ሰሙ፤ የማን እንደ ሆነ ለማየት አልዞሩም።

በመኪናው ውስጥ ዶሪን «ብያለሁ ካልከኝ ብለሃል» አለችው።

«ካልኩሽ አይደለም፣ ዶሪን። ብያለሁ።»

እርስዋም ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። የሚያስለቅሳት ማመኗ ይሁን አለማመኗ ሎዌል አልጠየቀም፤ መልሱን መስማት አልፈለገም።

በማግሥቱ ሮይ ካንትረል የጠዋት ፕሮግራሙን የከፈተው ስለ ትሕትና በመናገር ነው። አንዳንድ ሰው ጠዋት ያመነውን ማታ ይክዳል፤ የሰው ልብ ደካማ ናት፤ እንጸልይለት አለ። የማንንም ስም አልጠራም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድምፁ በብዙ ግዛቶች መሰማት ጀመረ፤ አድማጮቹም እውነትን ሳይፈራ የሚናገር ብቸኛ ሰው ነው ይሉታል።

ከራቱ ማግሥት፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ የዶሪን ሳህን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ያመጣው ሰው በር አላንኳኳም። በሚገባ ታጥቧል፤ ከሥሩ የነበረው ስም ግን በሙቅ ውኃ ለቆ ሄዷል። ዶሪን ከመሳቢያው ፕላስተሩን አውጥታ አዲስ ቁራጭ ቀደደች፤ ሳህኑን ገልብጣ ለጠፈችበት። ብዕሩን አነሣች፤ ለአፍታ ያዘችው፤ ከዚያ ለሎዌል ሰጠችው።

ሎዌል የራሱን ስም ጻፈ፤ እንዳይለቅም በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ተጫነው።