ከዓሣ ጋር የሚጠጣ

«ለምን ዓይነት ዝግጅት ነው፣ እናቴ?» አለችኝ የሱፐርማርኬቱ ሠራተኛ።

ሠርግ አይደለም፤ ልደትም አይደለም። ልጄ ካገባች በኋላ የት እንደምትኖር የሚቆረጥበት ምሳ ነው። ይህን ለማላውቃት ሴት ከምን ጀምሬ እነግራታለሁ? ወደ ወይን ጠርሙሶቹ ዞርኩ። እሷም አልተጫነችኝም።

ልጄ ነርስ ናት። እጮኛዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ አልጋ አስገብቼ ጨርሻለሁ። የልጁ እናት ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትኖረው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያ አጠገቧ እንዲኖሩ ትፈልጋለች። የዚያን ቀን ምሳ እኛ ቤት በልታ ነገሩን ልትጨርስ ትመጣለች። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ማንንም የማያስቀይም ሰው ነው። ጎረቤት «አቶ እሺ» ይለዋል። ስለዚህ የምናገረው እኔ ነበርኩ። የምለውን ለሳምንት ያህል ልብስ እያጠብኩ በልቤ ሳዘጋጅ ከርሜአለሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን ልቤ፣ ሲተኙበት እንዳደረ እጅ ደንዝዞ ነበር። አለ፤ ግን የእኔ አይመስልም።

እንግዳዋ ከምሳ ጋር አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን እንደምትወድ የነገረችኝ ልጄ ናት። ጥሩውን ግዢ፣ ውዱን አይደለም፣ ካልገባሽ ሠራተኞቹን ጠይቂ ብላኛለች። እኔ ግን ራሴ አንብቤ ልመርጥ ፈለግኩ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አስተማሪያችን ጣታችሁን ከፊደሉ ሥር አድርጉ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ የጀመራችሁትን ሳትጨርሱ አትተዉ ይለናል።

ነጭ ይሉታል እንጂ አንዱም ነጭ አይደለም። አንዳንዱ ውሃ ይመስላል፣ አንዳንዱ ገለባ። ውዶቹ ቁልፍ ያለው መስታወት ውስጥ እንደ እስረኛ ቆመዋል። ከታች መሬት ላይ የተደረደሩት ደግሞ ርካሽ ናቸው። ሠራተኛዋ መሀል መደርደሪያውን አሳየችኝ። የጠርሙሱ ክብደት አያታልልዎት አለችኝ፤ ከባድ ጠርሙስ ማለት ጥሩ ወይን ማለት አይደለም። በዚህ ዋጋ ያለ ነጭ ሲቆይ ይበላሻል እንጂ አያምርበትም፤ ዓመተ ምሕረቱን አይተው የቅርቡን ይውሰዱ። ስኳር የሌለውን ከፈለጉ ደግሞ ይኸውልዎ። ክዳኑ በእጅ የሚጠመዘዝ ነበር። የርካሽ ምልክት መስሎኝ ጠየቅኳት። አይደለም አለችኝ፣ ቤት የቡሽ መክፈቻ አለዎት? የለኝም አልኳት። «እንግዲያው ተገላገሉ» ብላኝ ካርቶን ልታራግፍ ሄደች።

ጠርሙሱን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎች ጋሪያቸውን እየገፉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ያልፉኛል። እኔ ጣቴን አላነሳሁም። ስሙን ጨረስኩ፣ ዓመቱን ጨረስኩ፣ ጀርባውን ገለበጥኩ። ከሥር በትንንሽ ፊደል «ቀዝቅዞ ከዓሣ ወይም ከዶሮ ጋር ይጠጣል» ይላል።

እኔ ደግሞ ቤት ሥጋ ጥጄ ነው የመጣሁት።

ከልጅነቱ ጀምሮ ያነበበ ሰው ጽሑፍ እንደ ወሬ ይሆንለት ይሆናል፤ የፈለገውን ይሰማል፣ ያልፈለገውን ያልፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔን ያጋጠመኝ ጽሑፍ ግን «መግባት ክልክል ነው»፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙ»፣ «ከምግብ በኋላ ይዋጣል» የሚል ነው። አንዱም ምክር አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ጠርሙሱን አገላብጣ ብታነብስ? ይህች ሴት ማንበብ አትችልም፣ ልጇንስ ምን አሳውቃ አሳደገቻት ብትልስ? ወደ ዓሣው ክፍል ሄድኩ። ሰልፍ ነበር። ዓሣ ቆራጩ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር እየቀለደ፣ ቅርፊቱን እያራገፈ፣ ቢላውን እያጠበ ይሠራል። ጥዬ ልሂድ አላልኩም። የጀመራችሁትን ሳትጨርሱ አትተዉ ተብሏል።

ቤት ስደርስ እንግዳዋ ከመጣች ቆይታለች። የሻይ ብርጭቆዎቹ ባዶ ናቸው። ልጄ ፊቴን አላየችም፣ እጄን ነበር ያየችው።

«እማዬ፣ የት ቆየሽ?»

ዓሣውን አሳየኋት፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ነገርኳት። እጮኛዋ ሳቀ።

«ከሥጋ ጋር ብንጠጣው ፖሊስ አይመጣም እኮ፣ እማማ» አለ።

እናቱ አልሳቀችም። ጠርሙሱን ተቀብላ አየችውና «ጥሩ መርጠዋል» አለችኝ፤ «እኔም ሁልጊዜ ይሄን ነው የምገዛው።» ያኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጄ እስክቀመጥ እንኳ አልጠበቀችም።

«እማዬ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። እዚያ ነው የምንኖረው። አባዬም እሺ ብሏል።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሲደርስ ግን ምንም አልተሰማኝም። ያዘጋጀሁትን ንግግር ፈለግኩት፤ የመጀመሪያው ቃል እንኳ አልመጣልኝም። ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ ዓሣውን ጨው ነሰነስኩበት፣ ዘይቱን ጣድኩ።

ባለቤቴ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ምን አልካቸው ብዬ ጠየቅኩት።

«እሷ ትምጣ፣ እንጠብቃት አልኩ። ሁለቴ አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ እሺ አልኩ።»

«እኔ ኖሬ ቢሆንስ?»

«አንቺ ብትኖሪ ምሳው ይረዝም ነበር» አለ። «ልጃችን ክፍሏን እኮ ገብታ አይታት አታውቅም። ቀለም ስናስቀባ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለችም።»

እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ነበር።

ዓሣውን አቀረብኩ፤ ሥጋውንም አቀረብኩ። ልብስ ሰፊዋ ከሁለቱም በላች። ለእኔም ወይኑን ቀዱልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን ምን እንደሚል አላወቅኩም። ልጄ ጎኔ ተቀምጣ ዓሣውን ከእሾሁ እየለየች ሳህኔ ላይ ታደርግልኝ ነበር፤ እኔም እበላለሁ።

ከሠርጉ በኋላ ልጄና ባሏ ወደ እናቱ ከተማ ሄዱ። እኔና አባቷ ቀረን።