የአባቷ ተራ

የአሳንሰሩ በር ከመከፈቱ በፊት እትዬ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

"አደራሽን ልጄ። አባትሽ ደህና ነው፤ ጆሮው ብቻ ደክሟል። ሌላ ነገር እንዳያመልጥሽ።"

"እስከ መቼ ነው ግን እትዬ?"

"አሁን አይሁን ብቻ።"

ይህ "አሁን አይሁን" አራት ዓመት ሞልቶታል። አባቷ ሲሞት አብሮ አደግ ጓደኛው፣ ጋሼ እያለች የምትጠራቸው ሰው፣ በዚህ ሩቅ አገር የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ገና አልጋ ላይ ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ በስልክ "እንዳትነግሩት፣ ትገድሉታላችሁ" አሉ፤ ቤተሰቡም ተስማማ፤ ስልክ የማያነሳውም ጆሮው ደክሞ ነው ተባለ። የተረሳው ቼዙ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ በመልእክት ሲጫወቱ ኖረዋል። የለቅሶው ሰሞን በሟች ስልክ ላይ "ምነው ዘገየህ? ፈራህ እንዴ?" የሚል መልእክት ገባ። እሷም ሰሌዳውን አይታ አንድ ወታደር ገፋችና ላከች። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውታለች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ በዓይኗ ያላየችውን ውጤት ፈርማ አታውቅም። በሟች ስም ግን አራት ዓመት ፈረመች።

ለሦስት ቀን ሥልጠና ወደዚህ አገር መምጣቷን ሲሰሙ ጋሼ "ቤት እያለ ሆቴል የለም!" ብለው ጮኹ። አሁን በሩ ላይ ቆመው አገላብጠው ሳሟት።

"ቁርጥ አባቷን! ያ ግትር እንዴት ነው?"

"ደህና ነው ጋሼ።"

"ጆሮውስ?"

"እንዳለ ነው።"

"ድሮም ሰው አይሰማም ነበር፤ አሁን ምክንያት አገኘ።"

ሳሎኑ ጠባብ ነው። መስኮቱ እንዳይከፈት ሆኖ የተሠራ፣ ማሞቂያው ከሶፋው ሥር የሚነድ። ከሁለቱ መሀል አስቀመጧትና ጠረጴዛውን እስከ ጉልበቷ ሳቡት። ጋሼ ወፍራም ካፖርት አመጡ።

"ለእሱ ነው የገዛሁት። ቁመታችሁ አንድ ነው፤ እስኪ ልበሽውና ልየው።"

ለበሰችው። ራሳቸው እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፉላት። ላብ በጀርባዋ ሲወርድ ተሰማት።

"ልክ ነው። አታውልቂው፣ ልጥገበው።" ከዚያ የቼዙን ሰሌዳ ፊቷ አደረጉት። "ተራው የእሱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ድሮ ፈረሱን በከንቱ ይማግድ ነበር። ሃያ ዓመት ተቆጣሁት፣ አልሰማ አለ። ካመመኝ ወዲህ ግን አንድም ፈረስ አልማገደም። ሰው በሰባ አምስት ዓመቱ አመሉን ይተዋል?"

"ይተዋላ!" አሉ እትዬ ፈጠን ብለው። "ሁሉ እንዳንተ መሰለህ? ይልቅ ሻይህ ቀዘቀዘ።"

"አንቺን አልጠየቅኩም እመቤቴ።" ወደ እሷ ዞሩ። "እስኪ ዛሬ አንቺ ተጫወቺለት።"

ሰሌዳውን አየች። ጥቁሩ ፈረስ ጫፍ ላይ ቆሟል። ወደ ፊት ከወረወረችው በሁለት እርምጃ ይበላል፤ አባቷም ለጋሼ ሌላ አንድ ዓመት ይኖራል። ከሰሌዳው ቀና ብላ ደግሞ ጋሼን አየች፤ ናሙና እንደምታይ፣ ሳትቸኩል። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ትንፋሻቸው የረጋ ነው። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ ጣቶቿ ላይ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የእትዬ እግር እግሯን ረገጠው፤ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ረገጠው።

"ምነው ዘገየሽ?" አሉ ጋሼ በለሆሳስ። "ፈራሽ እንዴ?"

የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታች። አወለቀችው፣ አጥፋም በጋሼ ጉልበት ላይ አኖረችው። ከዚያ ፈረሱን አንስታ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ወደ ኋላ መለሰችው።

"ጋሼ፣" አለች፣ እጇን ከፈረሱ ሳታነሳ፣ "አራት ዓመት ሙሉ የተጫወትኩት እኔ ነኝ።"