አማቴ ያልሰበሩት በር

ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚቆጣ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ትመስክር። አማቴ ደግሞ በር ቀስ ብሎ መዝጋት አያውቁም። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩት ወፍጮ ቤት አጠገብ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ በር ካልተደበደበ መዘጋቱ አይሰማም። ከስምንት ወር በፊት እኛ ጋ ሲገቡ የስፌት መኪናቸውንና ይህን እጃቸውን ይዘው መጡ።

በሳሎኑና በበረንዳው መካከል ያለው በራችን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ መስታወት ነው፤ ቴምፐርድ የሚሉት፣ በእሳት ጠንክሮ የወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጄ ነው የምወለውለው። ያን በር ስወደው ለጉድ ነው። አማቴ ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ድው! ሲመለሱ ድው! እኔ ከሶፋዬ ላይ፣ «እማማ፣ መስታወቱን ቀስ!» እሳቸው፣ «ረስቼው ነው ልጄ።» በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ እንባባል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ ሳለሁ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ መስታወቱ እንዳለ ረገፈ።»

ሰው የሆነ ሰው «ተጎዱ እንዴ?» ይላል። እኔ ግን፣ «በመጨረሻ ሰበሩት!» አልኩ።

«አዎ፣ ሰበርኩት» አሉና ስልኩን ዘጉት። እሱን እንኳ ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ይህም አልበቃኝም። በዚያው ንዴቴ በሩን ለገጠመልኝ ባለሙያ ደወልኩ። ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል፤ በሚሊሜትር ካልለካ እንቅልፍ አይወስደውም።

«አማቴ ሰበሩት» አልኩት።

«በሰው እጅ ከሆነ ፋብሪካው አይከፍልም። ዋስትናው በራሱ ለፈነዳ ብቻ ነው። እንግዲህ ከኪስህ ነው» አለኝ።

«በራሱ የሚፈነዳ መስታወት ደግሞ የት አገር ነው ያለው?» ብዬ ሳቅኩበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ቤት ስደርስ ወለሉ ጥርግ ብሏል። በሩ ፍሬሙ ብቻ ቀርቶ ነፋሱ መጋረጃውን ያወራጨዋል። አማቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ስር ሻንጣቸው አለ። የስፌት መኪናቸው በአንሶላ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መኪናዋን ሽጣት። አሮጌ ብትሆንም ብረቷ የድሮ ነው፣ ለመስታወቱ ትሆናለች። እኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ጠዋት አውቶቡስ አለ።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ አይታኝ አታውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለመሆኑ እንዴት ነው የሰበሩት?» አልኩ።

«እኔ እንጃ። ጓዳ ሆኜ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። ቦምብ የፈነዳ ነው የመሰለኝ።»

«ጓዳ? ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ስምንት ወር ሙሉ ስደበድበው ከርሜ! ልብስም እኮ የሚቀደደው በተቀደደበት ቀን አይደለም። ሲሳሳ ሲሳሳ ቆይቶ ነው።»

በዚህ መሃል ሚሊ ሜትሩን ይዞ ሊለካ ገባ። ነገሩን ሰማና ሜትሩን ኪሱ ከተተው።

«ስብርባሪው የታለ?»

«ተጥሏላ» አልኩ።

«ማን ይጥለዋል?» አሉ አማቴ። «ባለቤቱ ልብሱን ሳይረከብ ቁራጭ ይጣላል እንዴ?»

ጓዳ ወሰዱን። ሦስት ካርቶን ሞልተዋል፤ ደቃቁ ለብቻ፣ ፍንካቹ ለብቻ፣ እርስ በርሱ እንደተያያዘ የወደቀው ደግሞ በጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ ለብቻ። ሚሊ ተንበረከከ።

«በራሱ ከፈነዳ፣ መነሻው ላይ ከሌሎቹ ተለቅ ያሉ ሁለት ቁራጮች አሉ፤ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ጎን ለጎን ናቸው። መሃላቸው ነጥብ አለች» አለ።

መነጽሩን ወለወለ፤ አላየም። እኔም ተንበረከክሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ቢራቢሮ የጓጓሁለት ነገር የለም፤ ካልተገኘች ሴትዮዋ ጠዋት ሊሄዱብኝ ነው።

«ተነሱ እናንተ ልጆች፣ ብርሃኔን ጋረዳችሁብኝ» አሉ አማቴ። ክር በመርፌ የሚያስገቡባትን አጉሊ መነጽር አውጥተው ጋዜጣው ላይ አጎነበሱ። ረድፍ በረድፍ ሄዱ።

«ይቺስ?»

ሁለት ቁራጮች፣ በመሃላቸው የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ።

ሚሊ ትንፋሹን ለቀቀ። «ራሷ ናት! ፋብሪካ ውስጥ አብራ የገባች ቆሻሻ ናት እትዬ። ቀስ እያለች ታብጥና አንድ ቀን ታፈነዳዋለች። ማንም ባይነካው ይፈነዳ ነበር።»

«ስደበድበው የከረምኩትስ?»

«እሱ ቢሆን ከጠርዙ ነበር የሚነሳው። ይሄ ከመሃል ነው የተነሳው። እርስዎ የሉበትም።»

«የለሁበትም» አሉ ቀስ ብለው፤ እንባቸው ዱብ አለ። አንጀቴን በሉት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲደውሉልኝ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ተጎዱ ወይ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አሁን ጠይቀኛ።»

«ተጎዱ?»

«ትንሽ» አሉ።

መስታወት የቆረጠው ጣት አላሳዩኝም፤ እኔም የጣት ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ሚሊን በር ድረስ ስሸኘው፣ አማቴ ሰበሩት ያልኩትን ለፋብሪካው ጽፎ ከሆነ እንዴት እንደምናስተካክለው ጠየቅሁት።

«መቼ ጻፍኩት? ንዴትህን ስለማውቅ እስኪበርድልህ እየጠበቅኩ ነበር» አለኝ። «መስታወቱን ፋብሪካው ይተካል። የእጅ ዋጋዬንስ ማን ይከፍላል?»

«ምላሴ» አልኩት። ከፈልኩም።

በሁለት ሳምንቱ አዲሱ መስታወት ተገጠመ። ሻንጣው ተፈታ፣ መኪናዋም ቦታዋ ተመለሰች። አማቴ ግን በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው መዝጋት ጀመሩ። ድምፅ የለም። ስምንት ወር የለመንኩትን አገኘሁ፤ ቤቱ ግን ሰው የወጣበት ቤት ሆነብኝ። በአራተኛው ቀን አላስችል ሲለኝ ወደ በረንዳው ወጣሁና ስመለስ ባለኝ ጉልበት ደረገምኩት። ድው!

ጓዳ ያለችው መኪና ቆመች።

«ማነው እሱ! መስታወቱን ቀስ!»

«ረስቼው ነው እማማ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ሶፋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። አንዱን አንሶላ አሰጡ፣ ሁለተኛውን አሰጡ፣ ባልዲያቸውን አንስተው ገቡ።

ድው!

እኔም ምንም አላልኩ።