ስልሳ በመቶ በረዶ

«ለእኔ አሥር ኪሎ» አሉ አቡ ጢራድ፣ በኢንሳፍ ትከሻ ላይ እጃቸውን ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዘርግተው።

«ወረፋዎን ይጠብቁ እንጂ» አለች ኢንሳፍ ዞር ሳትል። «ደግሞስ በረዶ አይጥልም እያሉ ሲምሉ አልነበር? አሥር ኪሎ ዳቦ ለማን ነው?»

«አይጥልማ! ዳቦው ለጥንቃቄ ነው።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አቡ ጢራድም አብረው ሳቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። ጋጋሪው ፈላሕ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ስለዋለ ለመሳቅም አቅም አልነበረውም። ላቡን በክንዱ እየጠረገ ትኩሱን ቂጣ በፌስታል ያጭቃል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዳቦ ቤቱ ማዶ የጋዝ መኪናው ቆሞ፣ ሰዉ ባዶ ሲሊንደሩን እያንከባለለ ይሰለፋል። ሰማዩ ላይ ግን አንድ ቁራጭ ደመና የለም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ማክሰኞ ነው። የመንግሥት ሜትሮሎጂ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ከዓርብ ማታ ጀምሮ በረዶ «ሊጥል ይችላል» አለ። በስልክ የሚመጣው ሌላው ትንበያ ስልሳ በመቶ ብሎ ቁጥር ቆረጠለት። በፌስቡክ ስለ አየር የሚያወራው የጣፊላ ከተማ ወጣት ደግሞ «ዝናብ ነው፣ አትልፉ» ብሎ ጻፈ። መንደሩ በሾበክ ከፍታ ላይ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ልክ ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ሊሳሳት ይችላል። ሰዉ በሦስቱም ሲሳለቅ ሰንብቶ ሐሙስ ዕለት ዳቦ ቤቱን ወረረው።

ኢንሳፍ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ናት። ጠዋት ተማሪዎቿ አኩርፈው ነው ያገኘቻቸው። «ቲቸር፣ ዓርብና ቅዳሜ የሚጥል በረዶ ምን ይረባል? ትምህርት ቤት በማይኖርበት ቀን!» አለቻት አንዷ፣ ሜትሮሎጂው ሆን ብሎ የበደላት ይመስል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኢንሳፍ በዚህ ትስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ቅዳሜ የሚባለው ቀን ያሰጋታል።

አባቷ ሐጂ ዘዓል ኩላሊታቸው ከደከመ አራት ዓመት ሆናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ ማዓን ከተማ ወርደው ደማቸውን በማሽን ይታጠባሉ። ወንድሟ ሐምዲ የሚኖረው እዚያው ማዓን ነው። እሳቸው ግን ከመንደራቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ኢንሳፍ ወይም ባሏ ጋሊብ እየነዱ ይወስዷቸዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት በረዶ መንገዱን ሁለት ቀን ዘግቶት አንድ እጥበት አለፋቸው። ውኃው ሳንባቸው ውስጥ ገባ። ተኝተው መተንፈስ ስላልቻሉ ኢንሳፍ ጀርባቸውን በደረቷ ደግፋ ቁጭ አድርጋ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ዶዘር መንገዱን ሲከፍት ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ በታኅሣሥ ትንበያው በረዶ ሲል ኢንሳፍ አንድም ቀን ሳታሳድር አባቷን ጭና ማዓን ወረደች። በማግሥቱ ግን መንደሩ ላይ የወጣው ፀሐይ ልብስ የሚያደርቅ ፀሐይ ነበር። ሐጂ ዘዓል ሲመለሱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተነሥተው ተቀበሏቸው። «ሐጂ በረዶ መጡ! ኮት ያምጡላቸው!» ያሉት አቡ ጢራድ ናቸው። ስሙ በአንድ ሳምንት መንደሩን አዳረሰ። ጎሳ ከጎሳ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ተናግረው የሚደመጡ ሰው፣ የሕፃን መሳቂያ ሆኑ። ያኔ በሰው ፊት ቃል ወጣቸው፤ «ከእንግዲህ ደመና ባስነጠሰ ቁጥር ከቤቴ አልወጣም» አሉ።

«ሐጂ በረዶ እንዴት ናቸው?» አሉ አቡ ጢራድ አሁንም፣ አሥር ኪሏቸውን ታቅፈው።

«ስማቸው ሐጂ ዘዓል ነው» አለች ኢንሳፍ። ዳቦዋን ተቀብላ ወጣች።

ከመኪናዋ ሆና አባቷ ዘንድ ደወለች። ሳትጨርስ መልሱ መጣ።

«አልሄድም። የክፉው ብርድ አርባ ቀን አልፏል። ከአርባው በኋላ የሚመጣውን በረዶ ከስልክሽ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ነፋሱ ገና አልዞረም።»

«አባዬ፣ ስልሳ በመቶ ነው የሚሉት።»

«ስልሳ በመቶ ማለት ምንድነው? ከመቶ ቤት በስልሳው ላይ ይጥልና አርባው ፀሐይ ይሞቃል?»

«እንደሱ አይደለም…»

«እኮ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ አስረጂኝ።»

ኢንሳፍ ለማስረዳት አፏን ከፈተችና ተወችው። ለአምስተኛ ክፍል ብታስረዳ ይገባቸዋል። አባቷም ይገባቸዋል፤ ያስቸገረው ቁጥሩ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሐምዲም ደውሎ ለምኗቸው ነበር፣ ስልኩን ዘጉበት። ጋሊብ «አንሥተን መኪና ውስጥ እንክተታቸው እንዴ?» ብሎ ቀልዶ ነበር፣ ኢንሳፍ አልሳቀችም። ዳቦውን ቤቷ አድርሳ ልብሷን ቀየረች። ለዒድ ብቻ የምትለብሰውን ጥቁር ጥልፍ ቀሚስ አደረገች። ጋሊብ አይቷት ምን እንዳሰበች ጠየቃት። «አባቴ ጋ በእንግድነት ልሄድ ነው» አለችው።

የሐጂ ዘዓል ቤት ሁለት በር አለው። አንዱ በግቢው በኩል ወደ ማድቤት የሚገባው የቤተሰቡ ነው። ሌላው በመንገዱ በኩል ወደ እንግዳ ክፍሉ የሚያስገባው ነው። ኢንሳፍ በዚህ በሁለተኛው በር ገብታ አታውቅም፤ ተወልዳ ያደገችው በግቢው በኩል ነው። ዛሬ ግን በመንገዱ ዞራ አንኳኳች።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ኮታቸውን ደርበው፣ በክንዳቸው ላይ ለእጥበቱ መርፌ የሚገባበትን እብጠት በእጅጌያቸው ሸፍነው፣ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«ምነው፣ የግቢው በር ጠፋሽ?»

«ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ሐጂ» አለች።

ይህን ስትል አንድ ነገር እንደመጣባቸው ገባቸው። እንግዳ መልሰው ከማባረር ግን ሞት ይሻላቸዋል። ገለል ብለው አስገቧት። በግድግዳው ዙሪያ ከተነጠፉት ፍራሾች መካከል እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሐጂ ዘዓል የነዳጅ ምድጃው ላይ ከማይጠፋው ጀበና መራራውን ቡና በትንሿ ስኒ ቀድተው ሰጧት። እሳቸው ሐኪም የሚጠጡትን ፈሳሽ ስለወሰነባቸው ለራሳቸው አልቀዱም።

ኢንሳፍ ስኒውን ተቀበለች። አልጠጣችውም። ፊቷ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችውና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

ሐጂ ዘዓል ስኒውን አዩት። ይህን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅ ለማጨትም ሆነ ደም ለማድረቅ የሄደ ሽማግሌ የቀረበለትን ስኒ እንዲህ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ የመጡበትን ካልፈቀደ ስኒው አይነሣም። እንግዳ ሳይጠጣ የወጣበት ቤት ዕድሜ ልኩን ይወራበታል።

«ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ።

«ጉዳይ አለኝ።»

«ይሄ የወንዶች ወግ ነው።»

«ቡናውን የቀዱልኝ እርስዎ ነዎት። ሴት ነሽ ብለው አልከለከሉኝም።»

«አንቺ የቤት ልጅ ነሽ። የቤት ልጅ እንግዳ አይደለችም።»

«የቤት ልጅ በግቢ በር ነው የምትገባው» አለች ኢንሳፍ። «እኔ አንኳኩቼ ነው የገባሁት። የሰው ሚስት ነኝ፣ ከሰው ቤት ነው የመጣሁት።»

ሐጂ ዘዓል የምድጃውን እሳት ዝቅ አደረጉት፣ መልሰው ከፍ አደረጉት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣና ሳቅ ተቀላቅሏል።

«ምን እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ሰው ምን እንደሚለኝም አውቃለሁ። አቡ ጢራድ በደጄ ሲያልፍ ምን ብሎ እንደሚጣራ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አባትሽን ለሁለተኛ ጊዜ መሳቂያ ልታደርጊ ነው?»

«እኔም አንድ ነገር ልናገር?» አለች ኢንሳፍ። «ያን ሁለት ቀን እስትንፋስዎን ስቆጥር ነበር። አንዱን ሲስቡ፣ ሌላው ይመጣል አይመጣም ስል። ወደ መስኮቱ አያለሁ፣ በረዶው ይጥላል። ወደ እርስዎ አያለሁ፣ ከንፈርዎ ይጠቁራል። ሰው ይሳቅ አባዬ፣ እኔ ያን መድገም አልችልም። ስልሳም ይሁን፣ አሥርም ይሁን፣ አልችልም።»

ስኒው ላይ የነበረው እንፋሎት ጠፋ። በመንገዱ አንድ መኪና አለፈ፣ ኋላው ላይ የጋዝ ሲሊንደር እየተንኳኳ።

«ስንት ቤት ሄጃለሁ መሰለሽ» አሉ ሐጂ ዘዓል በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ልጁ የተገደለበት ሰው ቤት ሳይቀር ሄጄ ስኒ አስቀምጫለሁ። አንዱም አልመለሰኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው እንጂ!» አሉ። እጃቸውን ወደ ስኒው ዘረጉ። «ቡናሽን ጠጪ። የመጣሽበት ተሰጥቶሻል።»

ኢንሳፍ ቀዝቃዛውን መራራ ቡና በአንድ ጉንጭ ጨረሰችው። እንባዋ መጣና ስኒውን ስትመልስ ፊቷን አዞረች። ደስታም ነበር፣ እፍረትም ነበር፤ አባቷን በገዛ ወጋቸው ጠልፋ ይዛቸዋለች። ዓርብ ከሶላት በኋላ እንዲወጡ፣ ሐምዲ ቤት እንዲያድሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ታጥበው መንገዱ ክፍት ከሆነ እንዲመለሱ ተስማሙ።

ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ የኢንሳፍ ስልክ ጮኸ። አዲሱ ትንበያ በረዶ የሚጥልበትን ከፍታ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሰቅሎታል። ስልሳ የነበረው ሃያ አምስት ሆኗል። «ሁኔታው ሊለወጥ ስለሚችል ነዋሪዎች ቀጣዩን መግለጫ እንዲከታተሉ» ይላል ከታች። ጋሊብ በትከሻዋ በኩል አነበበና ከንፈሩን መጠጠ።

«ልቀቂያቸዋ» አላት። «ሃያ አምስት እኮ ነው።»

ኢንሳፍ ቁርስ አልበላም አለች። ከሰጡት ቃል ልትፈታቸው ትችላለች፤ ጠያቂዋ እሷ ናት፣ ይቅር ማለትም የእሷ ነው። ሃያ አምስት ማለት ግን ከአራት አንድ ነው። አራት ልጆች ክፍል ውስጥ አቁማ አንዱን ብትጠራ፣ የሚጠራው እኔ አይደለሁም የሚል አንድም የለም። በሌላ በኩል ዛሬ ወርደው ነገም ፀሐይ ከሆነ፣ ሐጂ በረዶ የሚለው ስም መቃብራቸው ድረስ ይከተላቸዋል፤ ሌላ ጊዜ፣ በረዶው እውነት የመጣ ዕለት፣ ማንም አያስነሣቸውም። ትንበያውን ሳትነግራቸው ለመውሰድም አሰበች። ይህን ማሰቧ ራሱ አስቀየማት።

ከሶላት በኋላ መኪናውን አስነሥታ አባቷ በር ላይ ስትደርስ ቆመው ነበር የሚጠብቋት፤ መድኃኒታቸውና ቅያሪ ልብሳቸው ያለበትን አሮጌ ቦርሳ ይዘው።

«አባዬ፣ ልንገርዎት» አለች ከመውረዷ በፊት። «ትንበያው ተለውጧል። ሃያ አምስት በመቶ ብለዋል። ዝናብ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆንም ይችላል።»

«ሰምቻለሁ። መስጊድ ውስጥ ከኢማሙ በቀር ያልነገረኝ የለም።»

«ከፈለጉ… ጥያቄዬን አነሣለሁ።»

ሐጂ ዘዓል ሰማዩን አዩ። ከምዕራብ በኩል ቀጭን ደመና ብቅ ብሏል፤ ምንም ሊሆን የሚችል ደመና ነው።

«ቡናውን ጠጥተሽዋል አይደል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«እንግዲህ እኔ ቃል የሰጠሁት ለስልኩ አይደለም።» የመኪናውን በር ከፍተው ገቡ። ቦርሳውን እግራቸው ሥር ከወንበሩ በታች ገፉት፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ኢንሳፍ መሪውን ወደ ግራ አዞረች። በግራ በኩል በአፕል እርሻዎቹ መካከል የሚያልፍ ጥርጊያ አለ። ድንጋያማ ነው፣ ነገር ግን ዳቦ ቤቱን ሳይነካ ዋናው አስፋልት ላይ ያወጣል። ዓርብ ከሶላት በኋላ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ማን ማን እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቷ።

«በእርሻው በኩል። ያሳጥራል ብዬ ነው።»

«አያሳጥርም።»

«ጸጥ ያለ ነው ግን።»

ሐጂ ዘዓል ጎንበስ ብለው ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ጎትተው አወጡት፤ ከመንገድ ለሚያይ ሰው ሁሉ እንዲታይ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። መስኮቱንም እስከ ታች ከፈቱት፣ ብርዱ ቢገባም።

«በዳቦ ቤቱ በኩል ሂጂ» አሏት። «ስትደርሺም ቀስ በይ፣ ሰላም የምላቸው ሰዎች አሉ።»